ደወሉን ማን ነካው?

ሠላሳ አራት ዓመት፣ በቫልፓራይሶ ኮረብታ፣
የገመድ ፉርጎ ነጂ ነኝ፣ ከጧት እስከ ማታ።
አንዱ ፉርጎ ተጎትቶ ሽቅብ ሲወጣ፣
ሌላው ወደቡን እያየ ቁልቁል ሲመጣ፣
መንገድ አጋማሽ ላይ ተላልፈው ይሄዳሉ፤
የተኳረፉ ጎረቤቶች ይመስላሉ።

ሕጋችን አጭር ነው፦ ከላይ ደወል ይመታል፤
የታቹ ሰው ሰምቶ ጥቂት ይታገሣል፣
አሮጊቷ ትቀመጥ፣ በሩም ይዘጋ ብሎ።
ከዚያ ነው የምንነሣው፣ ሁሉም ደወሉን ተከትሎ።

ባለፈው ክረምት ግን፣ ደረቴ ውስጥ አንድ ሰው
ሳይታዘዝ፣ ሳይጠበቅ፣ ደወሉን ደወለው።
አንዴ ቀድሞ መታ።
ከዚያ ዝም። እንደገና ዝም።
ሞትኩ ስል፣ ድው! አልሞትኩም።

ሚስቴ ኤርሚንዳ፣ እጄን ደረቴ ላይ አይታ፣
«ልብህ ሸፍቷል» አለች፣ ጀርባዋን ሰጥታ።
ምን ብዬ ልማል? መሸፈቱንስ ሸፍቷል፤
በደቂቃ አሥር ጊዜ ከቤት ወጥቶ ይገባል።

ሐኪሟ ሂሜና ግን «ለማን ነው?» አላለችም፤
«ከየት ነው?» አለች፤ «ዋሻው ሳይገኝ ሽፍታ አይያዝም።»

ከብሽሽቴ ገባ፣ በደም ሥሬ ሽቅብ፣
ቀጭን ሽቦ፣ እያዳመጠ፣ እስከ ልብ።
እኔም ነቅቼ አያለሁ ስክሪን ላይ ልቤን፤
ቤቱ ሁሉ ቀለም የተቀባ ሰፈሬን
መሰለኝ፤ ቀይ፣ ቀድሞ የነቃው፣
ሐምራዊ፣ ወሬውን ኋላ የሰማው።

«ይህ ከላይ፣ በቀኝ ያለው፣ ዋናው ደዋይ ነው፤
ጥፋት የለበትም። ይህ መሐል ያለው በረኛ፣
ትንሽ የሚያስታግሠው፣ እሱም ጤነኛ።
እዚህ ግን… ቆይ… ደም ወደ ሳንባ ሲወጣ፣
ከደጃፉ ሥር፣ ምስር የምታህል ቀይ ጣጣ፣
ያለ ሹመት ያለ ደሞዝ የምትደውለው እሷ ናት።»
«ባዕድ ናት?» አልኩ በፍርሃት።
«የለም፤ የገዛ ሥጋህ። የልብ ሥጋ ሁሉ
መደወል ያውቃል፣ ሲፈጠር፣ ከአመሉ፤
የፈጠነው ይነግሣል፤
ሌላው ይከተላል።»

ተኮሰቻት።

ስልሳ እስክቆጥር አቃጠለኝ። የሽፍታዋ ደወል ቀረ፤
የላዩ ሽማግሌ ብቻውን ሲደውል አደረ።

ዛሬ ሥራዬ ላይ ነኝ። ማታ ማታ ግን ኤርሚንዳ
ጆሮዋን ደረቴ ላይ ጥላ ታደምጣለች፣
«ቦታውስ ታወቀ፤ ስሟን ንገረኝ» ትለኛለች።