ተጋጨች

ሻነን ወንዝ ዳር ቆሞ፣ ዝናብ የጠገበ፣
ሌሊቱን በሙሉ መብራት ያነገበ
አንድ ጋዜጣ ቤት። ሦስተኛው ፎቅ ላይ
ኮርማክ ተቀምጧል፣ ከቀዘቀዘ ሻይ።
ሥራው ርዕስ መስፋት፦
ሰው የሞተበትን በአራት ቃል ማጠፍ፣
አምዱን ካለፈበት በመቀስ መግፈፍ።

ማክሰኞ ማለዳ፣ ከወደቡ መንገድ ጥግ፣
ግሮንያ ሂኪ፣ የሆስፒታል ልብስ አጣቢ፣
ቅርጫቷ ውስጥ ምሳ፣ ከኋላዋ መብራት፣
በገዛ መስመሯ ቀጥ ብላ ስትጓዝ፣
ሲሚንቶ የጫነው ወደ ግራ ታጥፎ፣
መስታወቱን ሳያይ ሄደ በላይዋ አልፎ።

ኮርማክ እንዲህ ጻፈ፦
«ብስክሌተኛ ሴት ከመኪና ጋር ተጋጨች።
የራስ ቁር አላደረገችም ነበር።»
ልክ ገባ። አንድ ፊደል አልተረፈም።
እጁም አልተንቀጠቀጠ፤ ሃያ ዓመት የለመደ እጅ
ለአንዲት ግስ አይንቀጠቀጥም።

እዚያው ገጽ ላይ፣ ታች፣ ከአየር ትንበያው ጎን፦
«በሰሜኑ አውራ ጎዳና የሁለት ሰዓት መዘግየት።»
አራት ሰው ነበር የሞተው። ሁለት መኪና፣ አንድ ጉም።
መዘግየቱ ርዕስ ሆነ፤ አራቱ ሦስተኛው መስመር ላይ።
መቼም የመኪና ሞት እዚህ እንደ ዝናብ ነው፤
ዘነበ ይባላል፤ ደመናን ማን ይከሳል?

ፊት ገጹ ግን፣ እሱ ፊት ገጹ!
አንድ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ በብስክሌት ሲያልፍ
የወይዘሮ ኦሊቭን ዘንቢል ነክቶ
ስምንት እንቁላል ፈሷል።
«የእግረኛ መንገድ ሽብር!» ይላል፣ ጣት በሚያህል ፊደል፤
አስኳሉ በባለ ቀለም፣ በአራት አምድ ተዘርግቶ፤
ከውስጥ ሁለት አስተያየት፣ አንድ የሕግ ባለሙያ፣
«ብስክሌት ታርጋ ይኑረው» የሚል የአንባቢ ደብዳቤ።

ሐሙስ ስልክ ጮኸ።
«ኑላ ነኝ። የግሮንያ እህት።
ለማልቀስ አይደለም፤ ለዚያ ሰው አለኝ።
ለአንዲት ግስ ነው የደወልኩት።
ተጋጨች ብላችኋል።
ሁለት በሬ ይጋጫል። ሁለት ብርጭቆ ይጋጫል፣ በሠርግ።
እንቁላል ከድንጋይ ተጋጨ ይባላል?
እንቁላልማ ታውቃላችሁ፤ ፊት ገጽ ሰጥታችሁታል።
ደግሞ መኪናው ብቻውን ነው እንዴ የመጣው?
ስሙን አልጠየቅኩም። መሪ የያዘ እጅ ነበረ በሉ፤ ይበቃኛል።
የራስ ቁሩን ነገር ደግሞ…»
ዝም አለች። ከወዲያ ማዶ ማንቆርቆሪያ ሲፈላ ይሰማል።
«ፀጉሯን ያበጠርኳት እኔ ነኝ። ራሷ ደህና ነበር።
ከደረቷ ነው።»

በእኛ ፊደል ቢሆን የአንዲት እግር ጣጣ፤
«ጋ»ን «ገ» ቢያደርጓት እውነቷ በመጣ።
በእነሱ ግን ስብሰባ አስፈለገ።
አለቃው «ፍርድ ቤት ያልወሰነውን?» አለ፤
«ሁለቱም እኮ መንገድ ላይ ነበሩ» አለ፤
ብስኩት ነከሰ፤ እሺ አለ።

ቅዳሜ ወጣ እርማቱ፤ አሥራ አራተኛ ገጽ፣
ከቃላት ጨዋታው ሥር፣ ሁለት መስመር።
ኮርማክ ራሱ ቆረጠው፤ ቦታ ቢጠብበት
«በሚያሳዝን ሁኔታ» የሚለውን አወጣና
«አሽከርካሪ» የሚለውን አስገባ።

ሌሊት ስምንት ሰዓት መኪናውን አስነሳ።
መጥረጊያው ግራ ቀኝ። ድልድዩ ላይ፣ ከፊቱ፣
አንዲት ቀይ ነጥብ፣ እንደ አራሚ ቀለም፣
ትወዛወዛለች፤ ማንም ይሁን፣ ከሥራ የሚመለስ።
እግሩን ከነዳጁ አነሳ።
መሪው ላይ የገዛ እጁን አየ፣ እንደ አዲስ፤
ሁለት እጅ፣ ቀለበት ያለበት፣ ስም ያለው።
ከኋላው አንዱ ጥሩምባ ነፋ፤
ደግሞ ነፋ።