ጉልበት

በኅዳር ማለቂያ፣ የኬሚ ባሕር ሲረጋ፣
መንገዱ ለበረዶ ተሰጥቶ ለእኛ ሲዘጋ፣
ሞተሬን ገፍቼ ጋራዥ አስገባኋት፤
ካቴናዋ ላልቶ፣ ዘይቷ ጠቁሮባት።

ሁለት መቶ ዐሥር ኪሎ ናት። በአንድ የጎን እግሯ
ዘንበል ብላ ስትቆም፣
አውቶቡስ ያመለጠው ሰው ይመስላል ነገሯ።
(ሠላሳ ዓመት ነድቻለሁ፤ አውቃለሁ አቋቋሙን።)
የኋላዋ ካልተነሣ ግን ማን ያዞራል ጎማውን?

ራውኖ ሱቅ ሄድኩ። ራውኖ ቅቤ አንጓች ነው፤
“ይኸኛው” አለኝ፣ “መቀስ ነው፤ በዘይት ግፊት የሚሠራው፤
በእግርሽ ጫን፣ ጫን፤ ወገብሽ ድረስ ትወጣለች፤
አንቺ ቆመሽ ትሠሪያለሽ፣ እሷ ትተኛለች።”
ዋጋውን ትቼ ቁመቱን ጠየቅሁ፤
ቤት ገብቼ ጣሪያዬን በመጥረጊያ እንጨት ለካሁ።
ከወለል እስከ ወራጅ ሁለት ሜትር ጎደል፤
ከፍ ብትል በመስታወቷ ቤቴን ልትነቅል!

“ገመድ አምጪ” አለ ኤቱ፣ የጎረቤት ልጅ፣ “ከወራጁ እንስቀላት።”
ወራጁ ሸምግሏል፤ እሷስ ምን አጥፍታ ስቅላት?

ካቫሌቶ ተዋስኩ፤ የኋላ፣ ባለ ሁለት ክንድ፣
ሲያዩት ቀላል፣ ለብቻ ሰው የሚከብድ፤
አንድ እጅ መሪ ይዞ፣ አንድ እጅ ሲጫን ከታች፣
ሦስተኛ እጅ የት አለ? እናቴ ሁለት ብቻ ሰጠች።
ተነሣች! ደስ አለኝ። ከዚያ ያ ወለሉ፣
ውሃ እንዲወርድ አባቴ ያዘመመው ሲሚንቶ ሁሉ…
ወደ ግራ አጋደለች። ጉልበቴን ሰጠኋት።
ጉልበት ሳያንሰኝ ጉልበቴ ከዳት።

ኤቱ መጣ። ሳይስቅ አነሣ፤ መጀመሪያ እኔን፣
ከዚያ እሷን፣ የመስታወቱን ስባሪ፣ በመጨረሻም ሞራሌን።

አጭር ክሪክ ገዛሁ፤ እግረ ሰፊ፣ ከሆዷ ሥር የሚገባ፤
ስንዝር ተኩል ያነሣል። ግራ ቀኝ በጠፍር አሰርኳት፣ እንዳትባባ።
ለዘመመው ወለል ጣውላ ጠረብኩለት፤
አባቴ ይቅር ይበለኝ፣ ውሃ ልኩን አስያዝኩት።
“ወገብሽስ?” አለ ራውኖ። “ወገቤ ይጎንበስ” አልኩት፤
ላም የሚታለብበት አሮጌ በርጩማ ከጨረታ ጨመርኩበት።

አሁን ጎማዋን በጣቴ ስነካው ይዞራል፤
ውጭ በረዶው ይወርዳል።
ካቴናውን ዓይን በዓይን ቆጠርኩ፤ መቶ ስምንት።
አንዷ ዓይን ደርቃ አልታጠፍ ብላለች። ጠብ አደረግሁላት ዘይት።

“ጉልበትሽ እንዴት ነው?” ይላል ኤቱ በበሩ ስንጥቅ።
የትኛውን ማለቱ እንደሆነ አልጠይቅም፤ እሱም አያውቅ።