ሁለት «ኤም»

ስልኬን ተቀበሉኝ፣ ሰዓቴን አስወለቁኝ፣
ጣቴን መስታወት ላይ አስጭነው ሊያውቁኝ፤
ሃያ ሦስት ዓመት ጠመኔ የያዘ ጣት
አሻራው ነጥቶበት፣
ሁለቴ፣ ሦስቴ፣ አልታይ አለና
«በሌላኛው» አሉኝ፤ ግራዬን ሰጠሁ እንደገና።

ለዚች ወንበር ብዬ ዕቁቤን አስቀደምኩ፣
ከአማቼ ባጃጅ ላይ የሳምንት ገቢ ለመንኩ።

ፊት ለፊት፣ ሹሩባዋን ከኋላ ያየሁት፣
ኬብሮን ላሊሞ ናት።
ዘጠነኛ «ሲ» ክፍል መስኮት ጥግ የነበረች፣
የእኔን ክፍለ ጊዜ ሐይቅ ስታይ የጨረሰች፤
ዛሬ ነርስ ናት አሉ።
ዞር ብላ «ቲቸር!» ስትል ሁሉም ቀና አሉ።
«ወደ ፊት ተመልከቺ፣ አትዙሪ፣ ዝም በይ» —
ስንት ዓመት ያስረጀኋት ቃል፣ ከሌላ ሰው አፍ ስትታይ!

ማድመጫውን ደፋሁ።
አንድ የሩቅ አገር ሰው ቤት ሊከራይ ይደውላል፣
ስሙን ፊደል በፊደል ቆጥሮ ያስጽፋል፤
ድምፁ የቀዘቀዘ ሻይ ነው፣ ስኳር የለውም፣
ሲጣደፍ አይሰማም፣ ሲያበቃ አይታወቅም።
እየተከተልኩ፣ እየተከተልኩ
አሥራ ሰባት ደረስኩ።

ያን ጊዜ ከጣሪያው
ኳ! ኳኳ! ቆርቆሮው።
አባ ኮዳ ነው፤ አሞራ ገደል የዓሣ አንጀት ጠግቦ
መጥቶ ከራሳችን በላይ ይንጎራደዳል፣ እንደ ዳኛ ካባ ደርቦ፤
ረጅም እግሩን እያነሳ እየጣለ
የሰውየውን ቃል ከአፉ ላይ ለቀመና ዝም አለ።

ማረፊያ ማለቱ ነው፣ ትርጉሙስ ገብቶኛል፤
ፊደሉ ግን? ስንት «ሲ»? በስንት «ኤም» ይጻፋል?
በስንቱ ደብተር ላይ በቀይ ያከበብኩት፣
በስንቱ ሰሌዳ ላይ አስምሬ የጻፍኩት
ጠፋኝ፤ ልክ እንደ ገዛ ቤት ቁልፍ።
ኪሴን ብዳብስ የለም። ድምፁም አይጠብቅም፣ እልፍ።
አንድ «ኤም» ጻፍኩ።
ጎዶሎ መሆኗን እጄ አውቆ ነበር፣ እኔ ግን አለፍኩ።

ከሰዓት ንግግር ነው። ስክሪን ውስጥ ያለች ሴት፣
ፈገግታዋ በሰዓት፣
የምወደውን የውኃ ዳር ግለጽልኝ አለች፣
ሁለት ደቂቃ ሰጠች።
ሐይቁ ከጀርባዬ ነው፣ በግድግዳው ሽታው ይገባል፤
ጭጋጉ ሲገፈፍ፣ መረቡ ሲጨመቅ፣ ያ ሁሉ ምን ይባላል?
ደግሞ ያቺ ድምፅ አለች፣ «ዝ» ያልሆነች፣ «ስ» ያልሆነች፣
ምላስ በጥርስ መሃል ካልወጣ አልመጣም ያለች፤
እናቴ ብታየኝ «ነውር ነው፣ አስገባ!» ትለኝ ነበር፣
ደመወዝ እየተቀበልኩ ምላሴን አውጥቼ ስናገር።

«ሐይቁ ቆንጆ ነው» አልኩ። «ዓሣም አለው። በጣም ቆንጆ ነው።»
ኬብሮን እንዲህ ብትጽፍ ከአሥር አራት ነው የምሰጠው።
ሰጥቻትም አውቃለሁ።

ስወጣ በር ላይ ጠበቀችኝ፣
«ቲቸር፣ አሥራ ሰባትን ሠሩት?» አለችኝ።
ዝም አልኩ።
«ያቺን ቃል እኮ ሃምሳ ጊዜ አስጽፈውኝ፣
ልጆቹ ኳስ ሲጫወቱ ለብቻዬ አስቀርተውኝ፣
‹ማረፊያ ነው፣ ለሁለት ሲ፣ ለሁለት ኤም ቦታ አለው› ብለውኝ!
አሞራው ሲያንኳኳ እኔም አልሰማሁም፤
እጄ ብቻውን ጻፈው፣ ምንም አልጠየቅሁም።»

ሳቅሁ። ሆዴ ውስጥ አንድ ነገር ተገላበጠ፤
ኩራት ይሁን ቅናት አልለየሁትም፣
በማውቃቸው ቋንቋዎች ስሙን አላውቀውም።

ባጃጅ እስክናገኝ ወደ ውኃው ወረድን።
አንድ አባ ኮዳ ክንፉን ዘርግቶ ተነሳ፣
ሕፃናት ሰማይ ሲስሉ ወፍ እንደሚያደርጉት፤
ትልቅ፣ ጥቁር «ኤም»፣ እግሩን ወደ ኋላ የጎተተ።
«ያውልዎ ቲቸር» አለች፣ «አንዱ ሰማይ ላይ፣ አንዱ ውኃው ላይ፤
ሁለት ሞላልዎ።»

አየሁት።
ውኃው ላይ ያለው ተገልብጦ «ደብልዩ» ነበር።
ላርማት አፌን ከፈትኩ፤
ቀይ እስክሪብቶዬ ኪሴ ውስጥ ነበረ፤
ተውኩት።