ማዕበል በሻይ ስኒ

ግሪምስቢ ወደብ ነው፣ ዓሣ የራቀበት፣
መርከቡ ተሽጦ ገመድ የቀረበት።
ዊልፍ ጋርበት ይባላል አባቴ፤
አርባ ዓመት በሰሜን ባሕር መረብ ጥሏል፣
አርባ ዓመት ሙሉ ማዕበል ሰድቧል።

ጥቅምት ላይ አንድ ጠዋት፣
የጫማውን ማሰሪያ ሊያስር ጎንበስ እንዳለ፣
ደም አንጎሉ ውስጥ ፈሰሰ፤
ቀኝ እጁ ዝም አለ፣
ቃሉም አብሮ ፈረሰ።
"ዳቦ" ማለት ጠፋው፣ "ውሃ" ማለት ጠፋው፤
የቀረለት ቢኖር በአፍ በአፍ የኖረው፣
ማንም ሳያስበው ማንም የሚናገረው፣
በአንድ ክር የተሰፋው፣ ያ የተቋጠረው።

የንግግር ሐኪሟ ሥዕል አሳየችው።
ስኒ ነው ሥዕሉ። "ይሄ ምንድን ነው?" አለችው።
ግንባሩ በላብ ራሰ፣ ከንፈሩ ተንቀጥቅጦ፤
"ማዕበል በሻይ ስኒ!" ወጣ ከአፉ አምልጦ።
"ጎበዝ! አሁን ስኒ ብቻ።"
ስኒ ብቻ የለም።
ማዕበሉን ከስኒው መነጠል አልቻለም።

ዓሣ አሳየችው።
(ያን ሰሞን ባሌ ጥሎኝ ሄዷል።)
ወደ እኔ ዞሮ፣ "ባሕር ውስጥ" አለኝ፣ "ዓሣ ሞልቷል።"
ዓሣ እንደሌለማ ከሱ በላይ ማን ያውቃል።

ባልዲ አሳየችው።
ሦስታችንም ዝም አልን።
በኛ አገር ባልዲ የረገጠ ሰው
ሞተ ማለት ነው።
አባቴ ግን ሳቀ፤ እግሩን ከብርድ ልብሱ አወጣ፣
አየሩን ረገጠ፣
ጣቱን ወዘወዘ፦ ገና ነው እንደማለት።

ጎረቤታችን ክላፐም ሊጠይቀው መጣ፣
"ምነው ዝም አልክ፣ ምላስህን ድመት በላችው?" አለና
ደንግጦ አፉን ያዘ።
ከዚያ በኋላ ሲያወሩ ዋሉ፤
ያኛው በተረት ሲጥል ይሄኛው በተረት ሲያነሣ፣
የታመመው የትኛው እንደሆነ ሊለይልኝ አልቻለም።

ደብተር ገዛሁ፤ ገጹን ለሁለት ከፈልሁ፣
የሚለውን በግራ፣ የሚሻውን በቀኝ ጻፍሁ።
ሰሙን እሱ ሰጠኝ፣ ወርቁን እኔ ፈለግሁ።

"ውሻና ድመት ይዘንባል"፦ ለሌላው ሰው ዶፍ ነው፤
ለአባቴ ግን፣ በረደኝ፣ መስኮቱን ዝጊው ነው።
"ቁራሽ ኬክ"፦ ለሰው ቀላል፣ እንደ ውሃ መጠጣት፤
ለሱ፣ የሸሚዜ ቁልፍ አቃተኝ፣ ነይ እርጂኝ ማለት።
"ባቄላውን አፍስሺ"፦ ምስጢር አውጪ አይደለም፣
ሾርባው በቃኝ ነው፤ ባቄላም የለበትም።
"ሰማያዊ ጨረቃ"፦ በስንት ጊዜ አንዴ፤
እሱ ሲለው፣ ሐሙስ ቀረሽ ነው።
የቀረሁት አንድ ሐሙስ ነው፤
እስከ ዛሬ ይለዋል።

ሌሊት ጣሪያውን እያየ፣ "የመጨረሻዋ ገለባ" ይላል፤
የግመሉን ወገብ የሰበረችው ማለት ነው።
ማን ነው ግመሉ? እሱ? እኔ?
በቀኙ ረድፍ የጥያቄ ምልክት አለ።

ሁለት ወንድሞች አሉኝ አውስትራሊያ የሚኖሩ፣
በገና ካርድ እየላኩ በስልክ የማይናገሩ።

የካቲት ላይ አንድ ምሽት ጺሙን እየላጨሁት፣
"አባዬ፣ ስሜ ማን ነው?" ብዬ ጠየቅሁት።
(ለምን እንደጠየቅሁ አላውቅም። ሳስበው ጭካኔ ነው።)
አፉን ከፈተ። ዘጋ። ጉሮሮው ወጣ ወረደ፣
ሳሙናው ጉንጩ ላይ ደረቀ።
በደህናው እጁ እጄን ያዘ፣ ከነምላጩ፤
"በእጅ ያለች ወፍ" አለ።

ቀሪውን ሕፃን ያውቀዋል፦
ትበልጣለች ጫካ ውስጥ ካሉት ከሁለቱ።
አልጨረሰውም።
ፐርዝ ላይ ሌሊት ነው፤ ተኝተዋል ሁለቱ።

ደብተሩን አወጣሁ። በግራ ወፏን ጻፍሁ።
በቀኙ ረድፍ ላይ ብዕሬን ይዤ ቆየሁ፤
ከዚያ፣
"ሙሪየል" ብዬ አሰፈርሁ።

ያን ዕለት ግማሽ ጺሙ ሳይላጭ አደረ።