ሞክሼ

ፒያሳ ሳይፈርስ፣ ከደረጃው ሥር ሆኜ፣
ሰዓት እጠግን ነበር፣ አጉሊ ባንድ ዓይኔ ላይ ጭኜ።
የፀጉር ስንጣቂ፣ የአሸዋ ቅንጣት፣
ከጥርሱ መሐል ገብታ ብታቆም ሰዓት፣
አላልፋትም።
የወንድሜን አንገት ግን፣
ማታ ማታ ካንድ ሳህን እየበላን፣
አለፍኩት።

ቃልአብ አሥራ ሰባት ዓመቱ።
ከጆሮው በታች አንዲት እብጠት፣
ባቄላ አክላ ከረመችበት፤
ስለማታመው ነው መሰል፣ ማንም አላመናት።
ቀኝ ጆሮው ተደፈነ፤ "ውሃ ይሆናል" አልን።
አፍንጫው ደማ፤ "ፀሐይ ነው" አልን፣
በሐምሌ።

ጤና ጣቢያ ካርዱ ላይ ጻፉለት፦ ነቀርሳ።
እናቴ ግድግዳ ያዘች።
"ያኛው አይደለም፣ እናት፤ ቲቢ ነው፣ የእጢ።
ስድስት ወር ክኒን ይውጣል፣ ይለቀዋል።"
ያኛው ባለመሆኑ ስለት አስገባች።

ስድስት ወር ዋጠ። ሽንቱ ብርቱካን መሰለ።
እብጠቷ እንቁላል አከለች።

ቸርችልን ቁልቁል፣ ጥቁር አንበሳ፣
ሰልፉ ከወፍ ቀድሞ የሚነሣ።
ዶክተር ጽጌማርያም አዳሯን ነበረች፣ ዓይኗ ደም ለብሶ፤
እብጠቷን ትታ፣
"ጆሮህ ከተደፈነ ስንት ጊዜው ነው?" አለችው።
ተያየን።
ጆሮ ሌላ ክፍል ነበር፣ አፍንጫ ሌላ ካርድ፣
አንገት ሌላ ቀን፤
እሷ ሦስቱን ባንድ መርፌ ሰፋቻቸው።

ጫፉ የሚበራ ቀጭን ገመድ
ባፍንጫው ሰደደች፣ ወደ ጉሮሮው ጓሮ፣
ሰው በመስታወት አይቶት ወደማያውቀው።
"ይታይሃል?" አለችኝ፣ ወደ ስክሪኑ።
ታየኝ።
ማየትማ ሥራዬ ነው።

ቁራጭ ሥጋ ወሰዱ። ሦስት ሳምንት ጠበቅን።
መልሱ መጣ፦ ነቀርሳ።
ያው ቃል፣ ያው ፊደል፤
ሞክሼ ናቸው ለካ፣
አንዱን ስንጠራ ሌላው "አቤት" ሳይል፣
ስድስት ወር ሙሉ
ከኋላ ወንበር ተቀምጦ ሲሰማን የቆየ።

"በዚህ ዕድሜው? ሲጋራ እንኳ ያልነካ ልጅ!"
"ብርቅ ነው፣" አለች ዶክተሯ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።
እናቴ ቀና አለች።
ልጇን የምትጠራው እንዲህ ብላ ነው፦
ብርቄ።

አሁን የጨረር ወረፋ ይዘናል።
ሱቁ የለም፤ ባለቤት ያልመጣላቸው ሰዓቶች
አልጋዬ ሥር በካርቶን፣ እያንዳንዱ በራሱ ሰዓት።
ሌሊት እነሣለሁ፣
ያንገቱን ግራ፣ ያንገቱን ቀኝ፣
በጣቴ ጫፍ እየፈለግሁ።
"ተወኝ፣ ይኮረኩረኛል፣" ይላል ቃልአብ
ባፍንጫው በኩል፣
እንቅልፉን ሳይለቅ።