ማራገቢያውን ያጥፉት

ፍራንኮ ላይ፣ ከፋርማሲው ጎን፣ ሁለት ሰው በማታስቆም ሱቄ፣
አርባ ዓመት የሰው ሰዓት ፈታሁ፣ ዓይኔን በመስታወት አስጨንቄ።
ዛሬ ሰዉ ሰዓቱን ከስልኩ ያነባል፤
ወደኔ የሚመጣው፣ ወይ ባትሪ አልቆበታል፣
ወይ ማሰሪያው ላልቶበታል፤
ሌላው ከደጅ ሰላም ብሎኝ ያልፋል።

ሲፈን መጣች፣ የጎሚስታው የበዳሳ ልጅ፣
የክብሪት ቀፎ ይዛ በእጅ።
ውስጡ ጥጥ። ጥጡ ላይ አንድ ጥቁር ነገር፣
ከምስር ክክ እምብዛም የማይበልጥ፣
ግራና ቀኝ አሥር አሥር እግር።
«ይሄ ቺፕ ያስባል» አለች፣ «ትንሽ ትንሽ።»
«እኛስ ከዚያ በላይ መች እናስባለን?» አልኳት።

መነጽሬን ፈልጋ ነው፤ ወረንጦዬንም፤
ደግሞም፣ አፍራ ነው የነገረችኝ፣
የማይንቀጠቀጥ ጠረጴዛዬን።

ግንቦት ነው። የአዳማ ግንቦት፣
ቆርቆሮው ብቻውን የሚንጣጣበት።
«ጋሼ፣ ማራገቢያውን ያጥፉት።»
«በዚህ ሙቀት?»
«ይወስድብኛል።»
አጠፋሁት።

ሰሌዳው ላይ ሃያ የመዳብ ምንጣፍ ተነጥፏል፣
በመካከላቸው ፀጉር እንጂ ክር አያልፍም።
ቺፑ ጥግ ላይ፣ መርፌ የነካው የሚመስል ነጥብ፣
አንደኛው እግር እዚያ ነው፤
«አንደኛውን የሳተ ሃያውንም ስቷል» አለችኝ።
ላቧ ከቅንድቧ ወርዶ አፍንጫዋ ላይ ቆመ፤
በክርኗ ጠረገችው፤ እጇ ሥራ ላይ ነው።
ፓስታውን ቀባች። ትንፋሿን ዋጠች።
መበየጃው ጫፍ ላይ እርሳሱ እንደ ጤዛ ሲያቀር፣
የጂቡቲ ተሳቢ በዋናው መንገድ አለፈ፣ ምድር ሲያሸብር።

ጠረጴዛዬ፣ ያመነችው፣ ተንቀጠቀጠ።
ምስሩ ዘለለ።
ወለሉ ዋጠው።

ሌላ የላትም። ሦስት ሳምንት የጠበቀችው፣
አባቷ የስንት ጎማ የለጠፈበት።
መጥረጊያ ልታነሳ ስትል፣ «ቁሚ!» አልኳት፣ ጮኬ።
ሰዓት ሠሪ የወደቀበትን አይጠርግም።
ከዚህ ሙያ የተማርኩት አንድ ነገር ቢኖር፣
የወደቀ ጥቃቅን፣ ቆመው ቢያዩት የለም።

በሩን ዘጋሁ። በስልሳ ሰባት ዓመቴ በደረቴ ተኛሁ፤
ባትሪዬንም ጉንጬ አጠገብ አጋደምኩ።
ብርሃን ሲተኛ፣ ያነሰው ሁሉ ጥላው ይረዝማል፤
የጥፍር ቁራጭ ግንድ ያህላል፣
አሸዋው ኮረብታ ይሠራል።
የማን እንደሆነ የረሳሁት ብሎን ከነጥላው ብቅ አለ፤
ባለቤቱ ምናልባት ሞቷል።
ከወንበሩ ሥር፣ ከሁሉ ረጅሙ፣
በጎኑ የቆመ፣ ባለ ሃያ እግር ጥላ፤
ጉንዳን ተሰልፎ የቆመ መሰለኝ።
«አገኘሁሽ» አልኩት። ሲፈን ሳቀች፤
ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ።

ከዚያ በኋላ በመኪኖቹ መሃል ሠራን።
እኔ በጆሮዬ መንገዱን ጠበቅሁ፤ «አሁን!» ስል ትነካለች፣
«ቆይ!» ስል ታነሳለች።
አንዱን ጥግ አሰረች። አየች። ትንሽ ገፋች።
ተቃራኒውን ጥግ አሰረች።
የቀሩትን በአንድ ጉተታ፣ ቅቤ እንደመቀባት።
ሁለት እግሮች ተጣበቁ፤ ከዲሽ ገመድ የፈታችውን
የመዳብ ሹሩባ ጫነችባቸው፣ አሞቀችው፤
ሹሩባው ትርፉን ጠጣ፤ ተላቀቁ።

«ለምንድን ነው ይሄ ሁሉ?» ብዬ ዘግይቼ ጠየቅኋት።
ለሁለት የተሰነጠቀ የቴኒስ ኳስ አወጣች፣
ሌላም፤ አራት ጽዋ በሽቦ ላይ፤
«እዚያ ኮረብታ ላይ የሚዞሩት ክንፎች
ንፋሱን ይቆጥሩታል፤ ለሌላ ሰው።
በኛ ቆርቆሮ ላይ የሚያልፈውን ማን ቆጠረው?»

ገመዱን ሰካች።
ከመስኮቱ ንፋስ አልገባም፤ ያን ዕለት የአዳማ ንፋስ፣
አውቆ ይመስል፣ ቀርቷል።
«ጋሼ፣ አሁን ማራገቢያውን ያብሩት።»

የሰዓት ማስተዛዘኛ ወረቀቶቼ በረሩ፤
የክብሪቱ ቀፎ፣ ጥጡ፣ ደረሰኙ፤
ሃያው እግር ግን ካሰረችበት ንቅንቅ አላለም።
ጽዋዎቹ ዞሩ። ትንሿ መስታወት ላይ አንድ ቁጥር ወጣ፤
ሰባት።

«ሰባት ምን?» አልኳት።
ላቧን በመጨረሻ በእጇ ጠረገች።
«ገና አላውቅም» አለች።