ይሰማል?

ከመጋላ ጀርባ፣ ከደቻቱ አሸዋ አፋፍ፣
ቆርቆሮው ሲንቋቋ ከቀን ሙቀት ሲያርፍ፣
የጋረደው ቪዲዮ ቤት፣ መግቢያው ሽልንግ ነበር፤
ስልሳ ሰው ተፋፍጎ ባሥር አግዳሚ ወንበር።
የእኔ ቦታ ከፊት፣ ከቴሌቪዥኑ ጎን፣
ማይኩን ጨብጬ፣ አንገቱ በፕላስተር የተጠቀለለውን።
እንግሊዝኛ አውቃለሁ ብዬ ነው የገባሁ፤
ግማሹን አውቃለሁ፣
ግማሹን ከሆዴ አውጥቼ እሞላለሁ።

ፊልሙ ስለ ደወል ነው፤ የአንጥረኛ አሽከር
ከከሰል ክምር ሥር ያገኘው፣ የእንቁላል ያህል፣ የማያምር።
አንዴ ሲያቃጭለው የሰማ ሁሉ ያጎነብሳል፤
ንጉሡም፣ ውሻውም፣ ሙሽራው ከነሚዜው ይንበረከካል።
ዋጋ ግን አለው፤
በደወለ ቁጥር ከጆሮው አንድ ድምፅ ይጎድላል።
መጀመሪያ ወፎች። ቀጥሎ ዝናም።
ከዚያ የእናቱ ሳል።
ልጁ ግን አልከፋውም፤
የሚያዝ ሰው መስማት ምን ያደርግለታል?

እኔም በትንሹ ነው የጀመርኩት፣ በቀልድ፤
ለክፉው ወታደር የሮብሌን ስም ሰጠሁት፣
ገንደ ቆሬ ላይ ስለመታኝ አንድ እሑድ።
ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።
ሮብሌ ከሦስተኛው አግዳሚ አንገቱን ቀለሰ፤
እኔን ግን ያን ማታ
የቆርቆሮው ጣሪያ ራሴ ላይ አነሰ።

ሳምንት ሳይሞላ ባለ ሻይ ቤቱ ሸሪፍ ሁለት ብር አስያዘኝ፤
ንጉሡ ሊሞት ሲያጣጥር፣ ደም እየተፋ፣
«ሻይ ከሸሪፍ ቤት ጠጡ» ብሎ ተናዘዘልኝ።

ከዚያ ፈትሂያ መጣች፣ ሻሿ ቢጫ፣ ከእህቷ ጋራ፣
ከኋላ፣ ከበሩ ተራ።
ልዕልቷ አፏን ስትከፍት «ፈትሂያ» አልኩ፣ «የኔ ነሽ»፤
ስልሳ ራስ ባንዴ ዞረ።
ሻሿን ወደ ፊቷ ስባ ወጣች፤
ለስላሳዋ ሳይጠጣ፣ ጠርሙሱን እያላበው፣ እዚያው ቀረ።
የሚያሳፍረኝ ይሄ አይደለም፤
ያን ሁሉ አንገት አንድ ቃሌ ሲያዞረው
ደስ ብሎኝ ነበረ።

መጨረሻው ላይ፣ ከገደሉ ጫፍ፣ ልጁ ደወሉን ያወጣል።
ሊጥለው ነው ይላል ሰው። ትንፋሽ ይያዛል።
አይጥለውም።
ይደውላል፤ ደግሞ ይደውላል፤
ተራራው ሳይቀር ይሰግዳል፤
እሱ ምንም አይሰማም፣ ፈገግ ብሏል።
እኔ ምን አልኩ?
«መሰናበቻው ነው! ጣለው! ወረወረው! ነፃ ወጣ!»
በጭብጨባው፣ በፉጨቱ ጣሪያው ሊነሣ ቃጣ።
ዓይናቸው እያየ፣ ደወሉ በእጁ እያለ፣
ያመኑት አፌን ነው፤ ማንም ዓይኔ አላለ።

ሰው ሲበተን አንድ ሽማግሌ ቀረ፤ ሙሴ ኡርጌሳ፣
የምድር ባቡር ጡረተኛ፣ ኮቱን በዚያ ሙቀት የማይረሳ።
የጣቢያው ደወል ሠላሳ ዓመት በእጁ ነበር።
«መጽሐፉን» አለኝ «በፈረንሳይኛ አንብቤዋለሁ፣
ድሮ፣ አዋሽ ላይ ባቡር ሲሰበር።
እዚያም አልጣለውም ልጁ።
ፊልሙም አልዋሸም፣ ትቶታል በእጁ።
የጣልከው አንተ ብቻ ነህ።
ታዲያ» አለ ማይኩን እያየ «የታለ? የት ወደቀልህ?»

ማይኩን ወንበር ላይ አስቀመጥኩ፤
በደቻቱ አሸዋ፣ በጨረቃ፣ ብቻዬን አዘገምኩ።
እናቴ ከደጅ ሦስቴ ጠርታኝ ነበር አሉ፤ አልሰማሁም።
ነፋስ ነው አልኳት።
ነፋስ አልነበረም። ድሬ ያን ሌሊት ቅጠል አላነቃነቀችም።

ቅዳሜ፣ የጫቱ መኪና ጥሩምባውን ነፍቶ ካለፈ በኋላ፣
ቤቱ ሞላ።
ጋረደው ሌላ ልጅ አስቀምጧል፤ ይንተባተባል፣ ያየውን ይላል፤
ሰው ያፏጫል፣ «ያንን ልጅ አምጡት» ይላል።
በሩ ላይ ቆሜ እጄን ኪሴ ከተትኩ፤
ኪሴ ጠበበኝ።
በአግዳሚዎቹ መሐል ሳልፍ ሮብሌ እግሩን ሰብስቦ አሳለፈኝ።
ማይኩ የሰው እጅ ሙቀት ነበረው፤ ተቀበልኩት፤
በጣቴ አንኳኳሁት።

«አንድ… ሁለት… ይሰማል?»
ስልሳ አፍ ሲከፈት አየሁ።
ደግሜ ጠየቅኩ፤
«ይሰማል?»